ለዳክዬ፣ አስራ ሁለት ወይስ ሃያ

እኔ ከዳክዬ ጋር ጠብ የለኝም። አትላንታ አጠገብ፣ ሎረንስቪል፣ ከቤታችን ጀርባ ባለው ኩሬ ዳር ጠዋት ጠዋት እየተወዛወዙ ሲራመዱ አያቸዋለሁ፤ እነሱም ያዩኛል፤ መንገድ ተለቃቀን እናልፋለን። ሥጋቸውን ቀምሼ አላውቅም። እናቴ ቤት የእግሩ ጣቶች የተጣበቁ ወፍ ድስት ውስጥ አይገባም ነበር። ኋላ ጌታን ተቀብዬ የመብል ነገር ቢቀልልኝም፣ ዳክዬ እንዲያው አምሮኝ አያውቅም።

እንዲህ ያለው ሰው ባለፈው ዊንተር የጠመንጃ አፈሙዝ ስፋት ሲያሰላስል ከረመ ቢባል የሚያውቁኝ አያምኑም። እኔ የሆስፒታል ሸትል ሹፌር ነኝ። ከፓርኪንግ ወደ ዋናው በር፣ ከዋናው በር ወደ ፓርኪንግ። በእጄ የያዝኩት ትልቁ መሣሪያ የበረዶ መጥረጊያ ነው፤ እሱም አትላንታ ውስጥ ብዙ ሥራ የለውም። ታዲያ ምን ነካህ ለምትሉኝ፣ የነካኝ የልጅ ነገር ነው።

ልጄ ሳሮን ኮዲ የሚባል ልጅ ልታገባ ነው። ኮዲ ጨዋ ልጅ ነው። ቤታችን ሲመጣ ማንም ሳይነግረው ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። እኔን «ጋሼ» ይለኛል፤ አባባሉ ግን ሬስቶራንት ገብቶ ምግብ የሚያዝ ነው የሚመስለው። ያስቸገረኝ አባቱ ነው። አስቸገረኝ ስል ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም። ሚስተር ሬይ ጡረታ የወጣ፣ በር ሲያልፍ አንገቱን የሚሰብር፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ልጆቹ ሊጋቡ መሆኑ ከተነገረው ወዲህ ዝምታው ባሰበት። አልተቃወመም፤ ደስ ብሎኛልም አላለም። ሳሮን አንድ ቀን፣ «አባዬ፣ ሬይ ይወደኝ ይጥላኝ ፊገር አውት ማድረግ አልቻልኩም» ብላኛለች። ይህን ስትለኝ ሳቅ ብላ ነበር፤ ያቺን ሳቅ አውቃታለሁ፤ ማልቀስ ስትፈልግ የምትስቃት ናት።

ማሪዬታ ከተማ ያለው ቤታቸው እራት ጠሩን። ባለቤቴ ትርሲትና የኮዲ እናት ሊንዳ ወጥ ቤት ገብተው የልጆቹን የሕፃንነት ፎቶ እየተለዋወጡ ይስቃሉ። እኔና ሬይ ሳሎን ቀረን። ስለ ትራፊክ አወራን። ስለ አየሩ አወራን። ከዚያ ወደ ትራፊክ ተመለስን።

አሁን አንድ የራሴን ጠባይ ልንገራችሁ። ፈረንጅ ሲያወራኝ ያልገባኝ ነገር ከመጣ፣ ራሴን በእሺታ እነቀንቃለሁ። ብዙ ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ አንዴ የማልፈልገውን የቫኪዩም ክሊነር ዴሞ ሳሎኔ ድረስ ከማምጣቱ በቀር ጎድቶኝ አያውቅም። የሬይ እንግሊዝኛ ደግሞ የደቡብ ጆርጂያ ነው፤ አንዱ ቃል ሳያልቅ ሌላው ይጀመራል። ያን ቀን ድንገት ረዘም ያለ ነገር ተናገረ፤ እኔም ረዘም አድርጌ ነቀነቅኩ። ቀጠለ፤ ቀጠልኩ። በመጨረሻ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «አስራ ሁለት ነህ ወይስ ሃያ?» አለኝ።

ይህቺን እንኳ ሰማሁ። በዚያ ሳምንት ቤታችን ውስጥ ወሬው ሁሉ እነሱ ጓሮ ሊደረግ የታሰበው የመተዋወቂያ ምሳ ነበር፤ ከእኛ ወገን ስንት ሰው ይመጣል፣ ማን ቢቀር ይቀየማል የሚለው። ስለዚህ ኮስተር ብዬ፣ «ሃያ ይሁን። አስራ ሁለት ለእኛ በጣም ትንሽ ነው» አልኩት።

ሬይ ትንሽ አየኝና ሳቀ። ትከሻው እስኪነቃነቅ ነው የሳቀው። ሊንዳ ማን እንደሳቀ ለማየት ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ሬይ ጉልበቴን መታ መታ አድርጎኝ፣ «እንግዲህ መጀመሪያው ቅዳሜ» አለ። እኔም ነቀነቅኩ።

ስንመለስ የነዳችው ሳሮን ናት። ሃይዌይ እንደገባን፣ «አባዬ፣ ኦኬ፣ ከሬይ ጋር ምን እንደተስማማህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«በሃያ ሰው ተስማምተናል።»

«ላይክ፣ ዳክዬ አደን ልትሄዱ ነው እኮ። ሬይ ለኮዲ ሲነግረው ሰማሁ። ኢንቫይት አደረገህ፣ እሺ አልክ። ከዛ በስንት ጌጅ ሾትገን እንደምትተኩስ ጠየቀህ። አስራ ሁለት ጌጅ፣ ወይስ ሃያ ጌጅ።»

ትርሲት ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረችም። መቀመጫዬ ግን ከኋላ በሳቋ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር።

«ካንስል አደርጋለሁ» አልኩ።

«አታደርግም» አለች ሳሮን። «ሬይ ከወንድሙ ጋር ነበር የሚያድነው። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ብቻውን ነው የሚሄደው። ኮዲን ራሱ ወስዶት አያውቅም። አንተን ጠራ። ፕሊስ፣ አባዬ።»

ካንስል አላደረግኩም።

በማግስቱ ጠመንጃ ምን እንደሆነ መማር ጀመርኩ። መጀመሪያ የገባኝ ነገር ምንም እንዳልገባኝ ነው። አስራ ሁለት ከሃያ ይበልጣል። አፈሙዙ ይሰፋል፣ ጥይቱ ይወፍራል፣ ድምፁ ይከብዳል። ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። በዕድሜዬ ሙሉ ሃያ ከአስራ ሁለት ይበልጥ ነበር።

ያስረዳችኝ ትርሲት ናት። ለቤተ ክርስቲያን ዳቦ ስትጋግር መጥታ የማየውን ቪዲዮ አብራኝ አየችና፣ «ምን ያስቸግራል?» አለች። «እኩል ሊጥ አለህ እንበል። አስራ ሁለት ቦታ ብትቆርሰው ድቡልቡሉ ትልቅ ይሆናል። ሃያ ቦታ ብትቆርሰው ያንሳል። የድሮ ሰዎች የጥይቱን እርሳስ እንደዚህ ቆርሰው ነው የለኩት። አፈሙዙ በዚያ ልክ ነው።» ይህንን ተናግራ ወደ ሊጧ ተመለሰች። እኔ ለአንድ ሳምንት የተጨነቅኩበትን ነገር እጇን ሳትታጠብ ጨረሰችው።

ትርጉሙ ገባኝ፤ ምርጫው ግን ገና ነው። እስከዚያው ወረቀቱን አሟላሁ። የአዳኝ ትምህርት በኦንላይን ወሰድኩ፤ ፈቃድ አወጣሁ። የዳክዬ ቴምብር የሚባል ነገርም አለ፤ ያለ እሱ ዳክዬ መተኮስ ክልክል ነው። እኔ ለጊዜው ዳክዬው ላይ የሚለጠፍ መስሎኝ፣ እርጥብ ላባ ላይ እንዴት ይይዛል ብዬ ሳሮንን ጠይቄያለሁ። ለካ ከፈቃዱ ጋር የሚያዝ ነው።

ምክር ፍለጋ ቡፎርድ ሃይዌይ፣ ፀጉሬን የምቆረጥበት የሰይፉ ቤት ሄድኩ። እዚያ ቤት ውስጥ ዳክዬ ተኩሶ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ክርክሩን ግን ይህ አላቀዘቀዘውም። ወንበር ይዘው ጋዜጣ የሚያነቡት ጋሽ መኮንን ድሮ መድፈኛ ነበሩ። ከእርሳቸው ጀመርኩ።

«ጋሽ መኮንን፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

ጋዜጣቸውን አጠፉ። «ሰፊ አፍ ያለውን ያዝ። አስራ ሁለቱን። መሣሪያ ሲያጓራ ጠላት ግማሽ ልቡ ይሄዳል።»

«ዳክዬ ነው እኮ፣ ጋሽ መኮንን።»

«ዳክዬስ ልብ የለውም?»

ተራ የሚጠብቀው ብሩክ ኡበር ይነዳል። ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «አትስማቸው» አለኝ። ጋሽ መኮንን ሲያዩት፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ ግን አስራ ሁለቱ ይራገጣል። ሃያው ላይት ነው። ትከሻ አይጎዳም። ኤርፖርት ያደረስኩት ሰውዬ ነው የነገረኝ፤ በዓመት ሁለቴ ያድናል» አለ።

«በዓመት ሁለቴ ካደነማ ቀሪውን ጊዜ ትከሻውን ሲያሳርፍ ነው የሚከርመው» አሉ ጋሽ መኮንን።

ሰይፉ መቀሱን እንደያዘ ሁለቱንም አዳመጠና ሽማግሌ ሆነ። «አስራ ስድስት የለም? መሃል ላይ?»

ኋላ ጠመንጃ ቤት ስጠይቅ ለካ አስራ ስድስት የሚባልም አለ፤ ጥይቱ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ያን ቀን ግን ማንም አላወቀም፤ ክርክሩ በሃያና በአስራ ሁለት መካከል ሲጦፍ ሰይፉም ሳያስበው የግራ ጎኔን ከቀኙ አብልጦ አሳጠረው። ለማስተካከል ብሎ ቀኙን ነካ፤ ከዚያ ግራውን። ስወጣ ምክር አላገኘሁም፤ ፀጉርም አልተረፈኝም።

ጠመንጃ ቤቱ ውስጥ ያስተናገደችኝ ነጭ ፀጉሯን በላስቲክ የያዘች ሴትዮ ናት። ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ውሃ ላይ የእርሳስ ጥይት ክልክል ነው፤ ፍንጣሪው ውሃ ውስጥ ይቀርና ዳክዬዎቹ ለቅመውት ይመረዛሉ። ስለዚህ ብረት ነው የሚተኮሰው። ብረት ደግሞ ከእርሳስ ይቀላል፤ ሩቅ ላይ ጉልበቱ ይደክማል። በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው ብዙ ፍሬ የሚይዘውን አስራ ሁለቱን ይመርጣል። ሃያው ግን ቅርብ ለሆነ ዳክዬ በቂ ነው፤ ይቀላል፤ ለጀማሪም ይመቻል። ቁመቴን አየች፤ ክንዴን አየች። ሃያውን አውጥታ ሰጠችኝ። ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ለእኔ የተሠራ መሰለኝ።

ልወስደው ነበር። በእርግጥ ልወስደው ነበር። ከጎኔ ቆሞ ጓንት የሚለካ ጺማም ሰውዬ ግን ዞር ብሎ በቅንነት፣ «ጥሩ ምርጫ ነው። እኔም ለሚስቴ እሱኑ ነው የገዛሁላት፤ በጣም ወዳዋለች» አለኝ።

ሰውዬው ምንም ክፋት አልነበረበትም። ሚስቱም ጎበዝ ተኳሽ ሳትሆን አትቀርም። እኔ ግን ሃያውን ቀስ ብዬ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩና፣ «አስራ ሁለቱን» አልኩ። ሴትዮዋ አየችኝ፤ ሰውዬውን አየችው፤ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ ያየች ሰው ናት፤ ዝም ብላ አመጣችልኝ።

ልምምድ ቦታ ሄጄ መጀመሪያ የተኮስኩ ጊዜ ጠመንጃው የተኮሰው ወደ ፊት ይሁን ወደ ኋላ መለየት አቃተኝ። ሰደፉ ትከሻዬን እንደ በር ነው የመታኝ። ለወንድነት ብዬ ደገምኩ። ሦስተኛውን የተኮስኩት ሁለተኛው እንዳላመመኝ ለራሴ ለማስረዳት ነው። ማታ ሸሚዜን ሳወልቅ ትርሲት አየችኝና፣ «ይሄ ቀለም ለመጋረጃ ቢሆን ጥሩ ነበር» አለች።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። መዘምራኑ ሲዘምሩ ሁሉም ሁለት እጁን አነሳ። እኔ ግራዬን አነሳሁ፤ ቀኜ ከደረቴ በላይ አልሄድ አለ። ምናልባት ማንም አያየኝም ብዬ ነበር፤ ግን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ወንድም ዳንኤል ዓይናቸው ሰፊ ነው። ከዝማሬው በኋላ መድረክ ላይ ወጥተው፣ «እዚህ መካከል እጁ አልነሳ ያለው ወንድም አለ» አሉ። ትርሲት ጫማዋን ማየት ጀመረች። ወደ ፊት ጠሩኝ። ጸሎቱ ረዥምና ከልብ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ነካኝም። ከጸለዩ በኋላ ወንድም ዳንኤል ማይኩን ወደ አፌ አስጠግተው፣ «ሕመሙ መቼ ነው የጀመረህ?» አሉኝ።

«ሐሙስ» አልኩ።

«ሥራ ላይ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ላይ ሆነህ?»

ጉባኤውን አየሁ። የአረጋውያን ማዕከል ሠራተኞች፣ ነርሶች፣ ሹፌሮች፣ ከነልጆቻቸው ጸጥ ብለው ይጠብቃሉ። መዋሸት እንኳ ፈልጌ ቢሆን ቦታው አይፈቅድም። «ለዳክዬ ስዘጋጅ» አልኩ። ወንድም ዳንኤል ማይኩን ወደ ራሳቸው መልሰው፣ «የጌታ ሥራ ብዙ ነው» ብለው አሳለፉት። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ሰዎች ኮሪደር ላይ እያስቆሙ የእጄን ብቻ ሳይሆን የዳክዬውንም ደኅንነት ይጠይቁኝ ነበር።

አደኑ የሚከፈትበት መጀመሪያው ቅዳሜ ደረሰ። ሬይ ገና በሌሊት በፒካፑ መጥቶ ወሰደኝ። ቦታው ከከተማው ወደ ደቡብ ርቆ የሚገኝ፣ እሱና ወንድሙ ከአባታቸው የወረሱት ረግረግ ነው። ዛፎቹ የበቀሉት ውሃ ውስጥ ነው። ከመኪናው ስንወርድ ሬይ እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ ከነቦቲው አወጣልኝ። «የወንድሜ ነው» አለ። ለበስኩት። ወንድሙም እንደ እሱ ረዥም ነበር ማለት ነው፤ ቦቲው ውስጥ ከእግሬ ሌላ አንድ ልጅ ይገባል።

ጠመንጃዬን ሳወጣ አየው። «ሃያ ያልከኝ መስሎኝ።»

«ሀሳቤን ለወጥኩ።»

«ሰው ይለውጣል» ብሎ ቀድሞኝ ውሃው ውስጥ ገባ።

ውሃው እስከ ጭናችን ነበር። ዛፍ ተደግፈን ቆምን። ብርድ ነው፤ ግን ደስ የሚል ጸጥታ አለው። ሰማዩ ሲገረጣ ከሩቅ የክንፍ ሽውታ ተሰማ፤ ሬይ በአገጩ አሳየኝና፣ «ያንተ ናቸው» አለ። ጠመንጃውን አነሳሁ። ትከሻዬ ሐሙስን አስታወሰ። ዳክዬዎቹ አለፉ።

«ጥሩ አደረግህ» አለ ሬይ። «ርቀው ነበር።»

ሌሎች መጡ። እነዚህ ቅርብ ነበሩ። አነጣጠርኩ፣ ጣቴ ቃታው ላይ ደረሰ፣ እዚያው ቀረ። አለፉ። ሬይ ዞር ብሎ አየኝ። ያን ጊዜ ሳሮን ታየችኝ፤ ይህን ሰው ደስ እንዲለው ለምናኝ ነው የመጣሁት። ሦስተኛዎቹ ሲመጡ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅንቼ ሁለቱንም ዓይኔን ጨፍኜ ቃታውን ሳብኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ተቀምጫለሁ። ውሃው አንገቴ ጋ ነው። በረዶ የመሰለ ነገር በደረቴ በኩል ወደ ሱሪው እየወረደ ሲሞላኝ ይሰማኛል፤ መነሳት ብሞክር የወንድምየው ቦቲ ጭቃው ውስጥ ተተክሏል። ትንፋሼ አጠረ።

ሬይ የራሱን ጠመንጃ ዛፍ ባላ ላይ ሰክቶ በኮሌታዬ ያዘኝ። ጠመንጃዬን ተቀበለኝ፤ ጥይቱን አወጣ፤ አፈሙዙ በጭቃ ተደፍኗል። «ይህ ዛሬ አይተኮስበትም» ብሎ ከራሱ ጎን ሰቀለው። ከዚያ በሁለት እጁ ብድግ አድርጎ አቆመኝ። ቆምኩ፤ እኔን ሲያነሳ ግን የእሱ እግር እስከ ጉልበቱ ሰጠመ። ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን ቀረን። አንዳችን ከተነቃነቅን ሌላው ይወድቃል። ሩቅ ሆኖ ላየን ለመደነስ ሙዚቃ የሚጠብቁ ሁለት ሽማግሌዎች ነው የምንመስለው።

«ትንሽ እንረፍ» አለ ሬይ። ትንፋሹ ጆሮዬ ላይ ነው።

አረፍን።

«ወንድሜ ቢኖር እዚያ ግንድ ላይ ተቀምጦ ይስቅብን ነበር» አለ። ከዚያ ቀጠለ፦ «ቤታችን ውስጥ ወሬ የእሱ ሥራ ነበር። እንግዳ ሲመጣ እሱ ያወራል፣ እኔ ሥጋ እጠብሳለሁ። አሁን ልጅህ ትመጣለች፤ ትጠይቀኛለች፤ ምን እንደምመልስላት ሳስብ ጥያቄው ያልፋል። ሊንዳ ልጅቷን አስከፋሃት ትለኛለች። እኔ ደግሞ እወዳታለሁ።»

ጭቃ ውስጥ፣ ሌላ ሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለሚነግር ሰው ምን ይባላል? «እኔንም ባለቤቴ ናት የምታወራልኝ» አልኩት። «ከሳሮን ጋር ብቻችንን ስንሆን ስለ መኪናዋ ዘይት ነው የምጠይቃት።»

«ዘይት ጥሩ ነው» አለ ሬይ፣ አስቦበት።

ይህን ጊዜ ነው ዳክዬዎቹ የመጡት። ወርደው ፊት ለፊታችን ውሃው ላይ አረፉ። ራሳቸው አረንጓዴ፣ ፊታቸው ላይ ነጭ መስመር፣ ዓይናቸው ቀይ። እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር መሆናቸውን አላውቅም ነበር። እየቀዘፉ በዙሪያችን ዞሩ። ሁለቱ ጠመንጃዎች ዛፍ ላይ ተሰቅለዋል። በዚያ ርቀት አስራ ሁለትም ሃያም አያስፈልግም፤ ጫማ ይበቃል፤ የእኔ ጫማ ግን ጭቃው ይዞታል። አንዱ ዳክዬ የሬይ ክንድ ሥር ድረስ መጥቶ አየንና ሄደ።

«አይተሃቸዋል?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አይቻቸዋለሁ።»

እስኪሄዱ አልተነቃነቅንም።

በኋላ ሬይ የሱሪውን ማንገቻ ፈታልኝና፣ «ከውስጡ ውጣ» አለኝ። በካልሲ ወጥቼ ግንዱ ላይ ተንጠላጠልኩ። እሱም እኔን ተደግፎ እግሩን ነቀለ። ሱሪው ግን ጭቃው ውስጥ ብቻውን ቆሞ ቀረ፤ ሰው ያለበት ይመስላል። ሬይ፣ «ተወው፣ አሮጌ ነው» አለ። ይህን ሲል ዓይኑ ከሱሪው ላይ አልተነሳም።

«አንተ ያንን እግር ያዝ» አልኩት። «እኔ ይሄኛውን።»

ጥርሴ እየተንገጫገጨ ጎተትን። ብዙ ታገለን። መጨረሻ ላይ ጭቃው ለቀቀው። ሬይ ውሃውን ደፋ፣ በእጁ አበሰው፣ አጥፎ ትከሻው ላይ አደረገው። ጠመንጃዎቹን እኔ ያዝኩ።

መኪናው ውስጥ ሂተሩን ለቆ፣ ውሻ ውሻ የሚል ብርድ ልብስ አለበሰኝ። የእሱን ትርፍ ሱሪ ለበስኩና ወገቡን በእጄ ያዝኩት። ጥቂት እንደነዳን የሊንዳ ድምፅ በመኪናው ስፒከር መጣ። ሳሮንና ትርሲት ማሪዬታ መጥተዋል፣ ምድጃው ሞቋል፣ ድስቱ ተጥዷል፣ ስንት ዳክዬ ብለው ይጠብቁ? ሬይ፣ «እየመጣን ነው» ብሎ ዘጋው። ፊቱ ጨለመ።

ትንሽ አሰብኩ። «ዳክዬ ያለበት ቦታ አውቃለሁ» አልኩት።

ወደ ኋላ ዞሮ ጠመንጃዎቹን አየ።

«ጠመንጃ አያስፈልገውም» አልኩት።

ሬይ አትላንታ አካባቢ ያረጀ ሰው ነው፤ ቡፎርድ ሃይዌይን ግን በላዩ ከማለፍ በቀር ቆሞበት አያውቅም። ፓርክ አድርገን ዳክዬ የሚጠብሱት ቻይናዎች ምግብ ቤት ስንገባ አንገቱን ሰብሮ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ በመስኮቱ የተሰቀሉትን ቀያይ፣ የሚያብለጨልጩ ጥብስ ዳክዬዎች አፉን ከፍቶ አየ። እኔ ከኋላው ሱሪዬን ይዣለሁ። ሻጯ ስለ መልካችን አንድ ነገር አልጠየቀችም። መጥረቢያ የመሰለ ቢላ አንስታ፣ «ይቆረጥ ወይስ ሙሉውን?» አለች።

ሬይ እኔን አየኝ። «አንተ ምረጥ።»

ከሁለት አንዱን የመምረጥ አቅሜ በዚያ ዊንተር አልቆ ነበር። «አንዱ ይቆረጥ፣ አንዱ ሙሉውን» አልኩ።

ማሪዬታ ስንደርስ ሴቶቹ ጠረጴዛውን ከብበው ቆመው ነበር። ኮዲ አባቱን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ሬይ ካርቶኑን መሃል ላይ አስቀምጦ ከፈተው። ቀይ፣ የተጠበሰ፣ ግማሹ በመስመር በመስመር የተቆረጠ። ሊንዳ ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ሬይ፣ ከረግረጉ እንዲህ ሆነው ነው የወጡት?» አለችው።

ሬይ በአውራ ጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። «ይሄ ሰውዬ ሲተኩስ አታውቂውም። ጠብሶ ነው የሚጥላቸው።»

መጀመሪያ የሳቀው ኮዲ ነው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ሳሮን እንባዋን እየጠረገች፣ «ኖ ዌይ። ሬይ፣ ምን ሆናችሁ ነው? በእውነት ንገረኝ» አለችው። ሬይ ከአጠገቧ ያለውን ወንበር ሳበና ተቀመጠ። ስለ ዳክዬዎቹ ቀይ ዓይን ጀመረ። ስለ ወንድሙ ቀጠለ። ስለ እኔ አወዳደቅ የነገራት ግማሹ አልሆነም፤ አላረምኩትም። ሳሮን ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ትሰማዋለች፤ ትጠይቀዋለች፤ ይመልስላታል። እኔም ዳክዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመስኩ። ቆዳው ጥሩ ነው።

ሊንዳ ማንኪያዋን እንደያዘች ባሏን እንደማታውቀው ሰው ታየው ነበር። ትርሲት ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለችና፣ «ምን አድርገኸው ነው?» አለችኝ።

«ጭቃ ውስጥ ከተትኩት» አልኳት።